ተዘግቶ ያልነበረው ቢሮ

የእትዬ ዘይነባን ማረፍ የሰማሁት አትላንታ አጠገብ ዱሉዝ ውስጥ፣ አንድ መጋዘን ፓርኪንግ ላይ ቆሜ ነው። ከአንድ ደንበኛችን የሥራ ማረጋገጫ ደብዳቤ ልቀበል ሄጄ፣ ሰውዬው ለምሳ እስኪወጣ መኪና ውስጥ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። የምሠራበት የሕግ ቢሮ ባለቤት፣ ሄኖክ ነበር። ሄኖክ ቴክስት ያደርጋል እንጂ ደውሎ አያውቅም። «ሰላም፣ እትዬ ዘይነባ...» ብሎ ስሜንና ስማቸውን ብቻ ጠራ። በሦስት ዓመቱ አሜሪካ የገባ ሰው ነው፤ አማርኛውን የተማረው ከእናቱ ጓዳ ስለሆነ እንዲህ ላለው ወሬ ቃል አልነበረውም። እኔ አድጌ የመጣሁትም ቃል አላገኘሁም። ከዚያ ቀብሩ ከአስር ሰላት በኋላ እንደሆነ ነገረኝና ዘጋው።

ደብዳቤውን ተቀብዬ ነው የሄድኩት። ሳልቀበል ብሄድ እሳቸው ራሳቸው ይቆጡኝ ነበር።

ቢሯችን እዚያው አትላንታ ዳር፣ ዶራቪል ነው፣ ከአንድ የቬትናሞች ግሮሰሪ በላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው የምንሠራው። ያኔ አራት ነበርን፤ ጠበቃው ሄኖክ፣ የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹን ፋይል የምትይዘው ሮሳ፣ ስልክ አንሥቼ እንግዳ የምቀበለው እኔ፣ ደመወዝና ሒሳብ የሚሠሩት እትዬ ዘይነባ። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል። አጭር ናቸው፤ ሻርፓቸውን ከአገጫቸው ሥር በመርፌ ቁልፍ ጥብቅ አድርገው ነው የሚያስሩት። የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው። አንድ ወረቀት አንብበው ሲጨርሱ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ያስተካክሉታል። ያንን ድምፅ ስንሰማ ነገሩ እንዳለቀ እናውቃለን።

ደመወዛችን በቀጥታ ባንክ ነው የሚገባው። እሳቸው ግን በየሁለት ሳምንቱ አርብ ጠዋት ከወንበራቸው ተነሥተው እያንዳንዳችን ጋ ይመጣሉ፤ «ገብቷል፣ አይተሻል?» ይላሉ። ስልኬን ከፍቼ ካላየሁ አይሄዱም። ለምን እንደሚለፉ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ደመወዝ ቁጥር አይደለም፣ ሰው ነው» አሉኝ። «የከፈልሽውን ሰው ፊቱን ካላየሽ አንድ ቀን ቁጥር ብቻ ይሆንብሻል።»

ወሎ ውስጥ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደመወዝ ክፍል ሠርተዋል። ዲቪው የደረሰው ለባለቤታቸው ነበር፤ ሰውዬው ግን አትላንታ በገቡ በሁለተኛው ዓመት ሞቱባቸው። ሁለት ልጆች ይዘው የሆቴል አንሶላ እያጠቡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር ኮሌጅ ቁጭ ብለው የሒሳብ ሥራ ተማሩ። «እንግሊዝኛዬ ቀዳዳ ይበዛዋል፤ ግን ይለበሳል» ይሉ ነበር። መሐላ አይወዱም። እኔ በሆነ ባልሆነው ማርያምን ስል፣ «ልክ ከሆነ መሐላ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል።

ወረርሽኙ ሲመጣ የፍርድ ቤት ቀጠሮዎች በሙሉ ተላለፉ። ደንበኞቻችን ሬስቶራንት የሚሠሩ፣ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ናቸው፤ ሥራ ሲቆም እነሱም መክፈል አቆሙ። ሄኖክ እኔንና ሮሳን ከቤት ሆነን በስልክ እንድንሠራ አደረገን። እትዬ ዘይነባ ግን ከሚኖሩበት ስማይርና በዚያች በማትፈጥን መኪናቸው በየቀኑ እየነዱ መጡ። የመንግሥት ደብዳቤ በፖስታ ነው የሚመጣው፤ እያንዳንዱ ደብዳቤ ቀን ተቆርጦለታል፤ ያ ቀን ያለፈበት ሰው ወረርሽኝ ነበር ቢል የሚሰማው የለም። ስለዚህ ሁለት ማስክ ደርበው ጠዋት ቢሮውን ይከፍታሉ። ከደረጃው ሥር ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ አስቀምጠው ነበር። ደንበኛው ወረቀቱን ሳፋው ውስጥ ጥሎ ዞር ይላል፤ እሳቸው ወርደው ያነሣሉ፤ ከደረጃው ላይ ሆነው ይነጋገራሉ። አብዛኛው ደንበኛ ያለቅስ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ አይዞህ ለማለት «አብሽር» ይላሉ፣ ሴት ከሆነች «አብሽሪ»። የቬትናሞቹ ግሮሰሪ ገንዘብ ተቀባይ ሳትቀር ቃሉን ለምዳ፣ ሲገቡ «አብሽሪ» ብላ ትቀበላቸው ነበር።

ሄኖክ ሁለታችንን ሊያሰናብተን አስቦ እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው። ያስጣሉን እትዬ ዘይነባ ናቸው። መጀመሪያ መንግሥት ለትንንሽ ድርጅቶች የሚሰጠውን ብድር አስወጡለት። ብድሩ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ነገር አገኙ። በወረርሽኙ ጊዜ ሠራተኛ ሳያሰናብት ደመወዝ ሲከፍል ለቆየ ድርጅት፣ መንግሥት ከደመወዝ ታክስ ላይ ገንዘብ የሚመልስበት ሕግ ወጥቶ ነበር። እኛ ክሬዲቱ እንለዋለን። ድርጅቱ በመንግሥት ትእዛዝ ሥራው የቆመበት መሆን አለበት፤ ወይም ገቢው ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው በጣም የወረደ መሆን አለበት።

እትዬ ዘይነባ ያንን ሕግ እንደ ቁርኣን ተማሪ ነው ያጠኑት። የሒሳብ ባለሙያዎች በነፃ የሚሰጡትን ትምህርት በኮምፒዩተር ከፍተው፣ ያልገባቸው ቦታ ላይ አቁመው፣ እኔ ጋ ስልክ ደውለው ቃሉን ፊደል በፊደል ይቆጥሩልኛል። እኔም ፈልጌ እነግራቸዋለሁ። በብድሩ የተከፈለን ደመወዝ ለክሬዲቱ ድጋሚ መቁጠር ክልክል ነው፤ ያንን ለብቻው ለዩ። አንድ ቀን ሄኖክ ቢሮ ብቅ ሲል፣

«ወንድም አለህ አይደል?» አሉት።

«ዳዊትን ታውቂው የለ እንዴ?»

«እንግዲያው ያንተ ደመወዝ አይቆጠርም። ባለቤቱ በሕይወት ያለ ወንድም ወይ እህት ካለው አይቆጠርም ይላል።»

ሄኖክ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ሕጉን አነበበው፤ እንዳሉት ነው። ጠበቃው እሱ ሆኖ ከሳቸው መማሩ ያስቀው ነበር። አንቺ ነው የሚላቸው። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ስለሆነ እርስዎ ማለት አልለመደም፤ እሳቸውም ቅር ብሏቸው አያውቅም። «በአፉ አንቺ ይበለኝ፣ በልቡ እርስዎ ነው የሚለኝ» ይሉኝ ነበር።

ሩብ ዓመት በሩብ ዓመት አስልተው፣ ገቢያችን ሕጉ ከሚለው በታች የወረደው በሦስቱ ብቻ መሆኑን አገኙ። ለሦስቱ ሞሉ፤ ሄኖክ ፈረመ፤ በአደራ ፖስታ ላኩት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ወራት አለፉ፣ እኔና ሮሳ ወደ ቢሮ ተመለስን፣ መልስ ግን የለም።

በዚህ መሃል ነው ክሬዲት አስመልሳለሁ የሚል አንድ አማካሪ፣ ኮንሰልታንቱ፣ የመጣው። ደህና ሱፍ የለበሰ፣ የሰውን ስም ቶሎ የሚይዝ ሰው ነበር። ለሄኖክ የነገረው ቀላል ነገር ነው። ፍርድ ቤቶች በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግተው ስለነበር የጠበቃ ቢሮም ሥራው ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ለሦስት ሩብ ዓመት ሳይሆን ለሁሉም መጠየቅ ይገባችኋል፤ ወረቀቱን እኛ እንሠራለን፣ ከሚመለሰው ሩቡን እንወስዳለን አለው። በዚያው ሕንፃ ያሉ ሌሎች ቢሮዎችም እንደፈረሙ ነገረው።

ሄኖክ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ስጽፍ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ኪራይ ተጠራቅሞበት ነበር። ሮሳ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ክሬዲቱ ሲመጣ የጤና ኢንሹራንስ እገዛልሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል። እኔንም የፓራሊጋል፣ የጠበቃ ረዳትነት፣ ትምህርቱን እከፍልልሻለሁ ብሎኝ ነበር። ለእናቴ ሳይቀር ደውዬ ተናግሬያለሁ።

የቀረው አንድ ደብዳቤ ነበር። ኮንሰልታንቱ አዘጋጅቶታል፤ ደመወዝ የሚሠራው ሰው መፈረም ነበረበት። ሄኖክ ደብዳቤውን ይዞ እትዬ ዘይነባ ጠረጴዛ ጋ ቆመ። ከእኔ ወንበር ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው።

«ምንድነው የሚለው?» አሉት።

«ቢሮው በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ነበር ነው የሚለው። ላይክ፣ ፎርማሊቲ ነው። ጀስት ሳይን አድርጊው።»

መነጽራቸውን አውርደው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና መለሱለት።

«እኔ ቢሮ ነበርኩ» አሉ። «በሩን በየቀኑ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ተዘግቶ ነበር ብዬ እንዴት እፈርማለሁ?»

«ኮርቱ ዝግ ነበር እኮ።»

«ኮርቱ የኛ አይደለም። የኛ በር ክፍት ነበር።»

ሄኖክ መጀመሪያ በለስላሳ ነበር የሚያስረዳቸው። ሕጉ ሰፊ እንደሆነ፣ ሁሉም ሰው እያደረገው እንደሆነ፣ ተጠያቂው እሳቸው ሳይሆኑ እሱ እንደሆነ ነገራቸው። በኋላ ድምፁ ከፍ አለ። ጠበቃው ማን እንደሆነ ጠየቃቸው። ቢሮው ቢዘጋ አራታችንም የት እንደምንገባ ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው። ለዚህ ሥራ ሌላ ሰው ማግኘት አያቅተኝም አለ።

«አያቅትህም» አሉ እሳቸው፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ። «ማሰናበት ትችላለህ። እስክታሰናብተኝ ግን ደመወዝ የማወጣው እኔ ነኝ። ከነገ ወዲያ አርብ ነው፤ ዛሬ ካልላክሁት ለልጆቹ አይገባም።» ፊታቸውን ወደ ኮምፒዩተራቸው መለሱ።

አላሰናበታቸውም። ግን ያለሳቸው ፊርማ ኮንሰልታንቱ የራሱን ማብራሪያ ጻፈና ሄኖክ ፈርሞ ላከው።

እኔ በዚያ ጊዜ ከማን ጋር እንደቆምኩ ልናገር። ከእትዬ ዘይነባ ጋር አልቆምኩም። ሮሳ በግልጽ ተቆጣች፤ ሴትዮዋ የራሷን ልጆች አሳድጋ ጨርሳ የእኔን ልጅ ኢንሹራንስ ትከለክላለች አለች። እኔ አልተቆጣሁም፤ የከፋውን ነው ያደረግሁት። በየቀኑ አብሬያቸው ምሳ እበላ የነበርኩት እኔ፣ ስልክ የማወራ መስዬ መኪናዬ ውስጥ መብላት ጀመርኩ። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። እሳቸው ምንም አላሉኝም። አርብ ሲሆን እንደ ድሮው እኔ ጋ መጥተው ደመወዜ መግባቱን አይቼ እንደሆነ ይጠይቁኛል። እኔ አይኔን ሳላነሣ «አይቻለሁ» እላቸዋለሁ።

ከዚያ መንግሥት በድንገት አዳዲስ የክሬዲት ጥያቄዎችን ማየት ገታ አደረገ። የማይገባቸው ድርጅቶች በሰው ምክር እየጠየቁ መሆኑ ተደረሰበት። ተሳስቶ የጠየቀ ጥያቄውን ሰርዞ መሳብ ይችላል፣ ቼክ ደርሶት ካልመነዘረውም መመለስ ይችላል ተባለ። ይህ በተባለ በጥቂት ሳምንት ለእኛ አንድ ቼክ መጣ። በኮንሰልታንቱ በኩል ከተጠየቁት ሩብ ዓመታት የአንዱ ነው። ፖስታውን የከፈቱት እትዬ ዘይነባ ናቸው። ትልቅ ገንዘብ ነበር። ቼኩን ሄኖክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፤ ከሥሩ የመንግሥቱን መመሪያ አንድ ገጽ አድርገው፣ ሁለት መስመር በእርሳስ አስምረውበት። ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ።

ሄኖክ ቼኩን አልመነዘረውም፣ አልመለሰውምም። መሳቢያው ውስጥ አስገባው። ሁለት ሳምንት እዚያ ተቀመጠ። በእነዚያ ቀናት የታመመ ሰው ይመስል ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አንድ ጥገኝነት ጠያቂ መጣ፣ ጎንደሬ፣ ልጅ እግር። ማመልከቻው ላይ ሁለት ቦታ ታስሬያለሁ የሚል ተጽፎ ነበር፤ ሲጠየቅ ግን የታሰረው አንድ ቦታ ብቻ መሆኑን ተናገረ። ያስተረጎመለት ሰው፣ ሁለት ብትል ይሻላል ብሎት ነው። ሄኖክ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በሩን ሳይዘጋ ነበር የሚያነጋግረው። ሁላችንም ሰማነው።

«ያልሆነውን አትፈርም» አለው በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «አንዱ ራሱ ይበቃል። ውሸቷን ካገኟት እውነቱንም አያምኑህም።»

ሰውዬው አስተካክሎ ፈርሞ ወጣ። እትዬ ዘይነባ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው ሄኖክ ክፍል ገቡ፤ ሳይጋበዙ ደንበኛው በተነሣበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እሳቸውም በሩን አልዘጉትም። እንድንሰማ ፈልገው ይሁን ረስተውት እስከዛሬ አላውቅም።

ነቀፋ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን ስለ ራሳቸው ነው የነገሩት። ፋብሪካው ውስጥ ሳሉ አለቃቸው የደመወዝ ዝርዝር አምጥቶ እንዲፈርሙ አዘዛቸው። ዝርዝሩ ላይ ከሥራ ከተሰናበቱ ቆይተው የነበሩ ሰዎች ስም አለ። አወቁ፤ ፈረሙም። ሁለት ሕፃን ልጆች ነበሯቸው፣ አለቃውም የሚፈራ ሰው ነበር። ገንዘቡን ከመስኮቱ የምትከፍለው ተዋበች የምትባል ባልደረባቸው ነበረች። ከወራት በኋላ መርማሪዎች መጡ። አለቃው ዘመድ ነበረውና ነፃ ወጣ። የተባረረችው ተዋበች ናት። በሌብነት ስሟ ጠፍቶ፣ ሥራ የሚቀጥራት አጥታ ከከተማው ወጣች።

«እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ካልጠየቁኝ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ። ዓመት ሙሉ በጠዋት ስነሣ፣ ዛሬ ሄጄ እናገራለሁ እላለሁ፤ አልሄድም። በኋላ ልናገር ብል የሚሰማም የለም፣ ተዋበችም የለችም። አንተ ግን ያን ቀን ወረቀት ይዘህ መጥተህ ጠየቅከኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ በሰዓቱ ተጠየቅሁ። በዚህ አመሰግንሃለሁ፤ ተቀይሜህ አይደለም።»

እኔ የምተይበውን ትቼ ነበር፤ ሮሳም ትርጉሙን ባታውቅም ድምፃቸውን ሰምታ ከፋይሏ ቀና ብላለች። ከዚያ የመሳቢያው ድምፅ ተሰማ።

«ምን ብዬ ነው የምጽፍበት?» አለ።

«የተሰረዘ ነው የሚል፣ በትልቁ። መመሪያው ላይ አለልህ።» ቀና ብለው ወደኔ አዩ። «ሰላም፣ እስክሪብቶ አምጪልን። እርሳስ ለዚህ አይሆንም።»

እስክሪብቶውን ወስጄ ሰጠኋቸው። ከእሳቸው ጋር የተነጋገርኩት የእውነት ንግግር ከሳምንታት በኋላ ያ የመጀመሪያው ነው፤ እሱም አንድ ቃል፣ «እሺ» ነበር።

ቼኩ ተመለሰ፤ በኮንሰልታንቱ የተጠየቀው ሁሉ ተሳበ። ሰውዬው ደጋግሞ እየደወለ፣ በውሉ መሠረት ድርሻዬን ክፈሉኝ፣ ካልሆነ እከሳለሁ አለ። ሄኖክ ሊያነጋግረው ሲነሣ እትዬ ዘይነባ ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝ። በዚያ ቀዳዳ በበዛው እንግሊዝኛቸው፣ ሩቡን እንደሚወስድ መዋዋሉን አስታወሱት፤ የመጣው ገንዘብ ዜሮ እንደሆነ፣ የዜሮም ሩቡ ዜሮ እንደሆነ ነገሩት፤ ክስ ካሰበ ደግሞ ያዘጋጀውን ደብዳቤ አስቀምጠነዋልና ለዳኛው እናሳያለን አሉት። ድጋሚ አልደወለም። ሮሳ ስትስቅ ከወራት በኋላ ያን ቀን አየኋት።

ነገሩ ግን አላለቀም። እትዬ ዘይነባ ራሳቸው አስልተው የላኩት የሦስቱ ሩብ ዓመት ጥያቄ ከተሳበው ጋር ተደባለቀና፣ ለሁሉም አይገባችሁም የሚል ደብዳቤ መጣ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ኩላሊታቸው ደክሞ ዲያሊስስ ጀምረው ነበር፤ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ከሰዓት። ሄኖክ ይቅር፣ ይበቃናል አላቸው። እውነቱን ነው፤ ቀጠሮዎቹ ተመልሰው ሥራ ቀና ብሎ ነበር።

«የማይገባንን መልሰናል» አሉት። «የሚገባንን ደግሞ አንተውም። ካልተከታተልነው፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ውሸት ነበር ማለት ይሆናል።»

ይግባኙን ጻፉ። እኔ እንግሊዝኛውን አረምኩ፤ ከዚያ በኋላ ምሳዬን መኪና ውስጥ አልበላሁም። ማክሰኞ የመንግሥት ቀን ሆነ። ጠዋት ገብተው ስልኩን ድምፁ ከፍ ብሎ እንዲሰማ አድርገው ሆልድ ላይ፣ ተራ እየጠበቁ፣ ይቆያሉ፤ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። ያነሣውን ሰው ስምና መለያ ቁጥር፣ ያለውንም ቃል በቃል በአማርኛ ይጽፋሉ። መስመሩ ሲቋረጥ አይነጫነጩም፤ መልሰው ይደውላሉ። ኮንግረስ ያለው የምርጫ ክልላችን እንደራሴ ቢሮ ድረስ ደብዳቤ ጽፈዋል። ዲያሊስሱ ያደክማቸው ነበር፤ ማክሰኞ ግን ቀርተው አያውቁም። እጃቸው ላይ በፋሻ የታሰረውን ቦታ ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ በሌላው እጃቸው ይጽፋሉ።

ከዓመት በላይ ሆኖ አንድ ማክሰኞ አንድ ሰው ስልኩን አነሣ፤ ረጋ ያለ ድምፅ ነበረው። ፋይሉን ከፍቶ ሲያነብ ቆየና፣ ቢሮአችሁ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እኔ የምጽፈውን ትቼ አየኋቸው። እሳቸው ግን ሳያመነቱ፣ አልተዘጋም፣ አንድ ቀን አልተዘጋም አሉት። ታዲያ በምን ትጠይቃላችሁ ሲላቸው፣ ገቢያችን ስለወረደ ነው፣ ስንት እንደወረደ በየገጹ ልኬልሃለሁ አሉ። ሰውዬው ገጾቹን ሲገላልጥ ይሰማል። በመጨረሻ፣ ስሕተቱ የተሳበው ጥያቄ ላይ ነው እንጂ ይኸኛው ትክክል ይመስላል፣ ለሚመለከተው አስተላልፈዋለሁ አላቸው። ስሙን ሁለት ጊዜ አስደግመው ጻፉ።

ገንዘቡ የመጣው በዲያሊስሳቸው ቀን ነው። በኋላ በዚያ ገንዘብ ሮሳ የሕፃኗን ኢንሹራንስ አገኘች፤ ወር ሳይሞላ እኔም ትምህርቱን ጀመርኩ። ገንዘቡ የመጣ ዕለት፣ ሳይመሽ፣ የቼኩን ኮፒ ይዤ ስማይርና ቤታቸው ሄድኩ። ሶፋ ላይ ጋደም ብለው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው፣ የራሳቸውን ሒሳብ ከጎኑ ይዘው ቁጥሩን አንድ በአንድ አመሳከሩ። «ልክ ነው» አሉ። ያ ብቻ ነው። እኔ ግን ለዚያ አልነበረም የሄድኩት።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። መኪና ውስጥ ስበላ የከረምኩት ስልክ ስለነበረኝ እንዳልሆነ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ምግብሽን ረስተሽ የወጣሽ ቀን እንኳ መኪና ውስጥ ነበር የተቀመጥሽው።»

አፈርኩ። እጄን ያዙኝ። «ሰላሜ፣ አንቺ ትምህርቱን ስለፈለግሽ ተቆጣሽ፤ የሚገባ ነው። እኔ ጎበዝ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ድሮም ጎበዝ ብሆን ኖሮ፣ ፋብሪካው ውስጥ ያን ዝርዝር አልፈርምም ነበር። ሄኖክ ደብዳቤውን ሲያመጣም ፈርቼ ነበር። ፈርተሽም መናገር ይቻላል፤ ይኸን ማንም አልነገረኝም ነበር።»

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ኖሩ። ሥራውን ለእኔ አስረከቡ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ የሠራሁትን ያርማሉ። ሁለት ጊዜ ስሕተት አግኝተውብኛል። በመጨረሻው ወር መምጣት አቃታቸው።

ቀብሩ ላይ ሄኖክ ከወንዶቹ ጋር ቆመ። የሚደረገውን አያውቅም፤ አጠገቡ ያሉት አፈር ሲያለብሱ አይቶ እሱም ዝቅ ብሎ በእጁ አለበሰ። ሮሳ ሻርፕ አስራ፣ ልጇን ታቅፋ ከእኔ ጎን ነበረች። ሴት ልጃቸው መጥታ፣ እናቴ ስለ ቢሮው ብዙ ታወራ ነበር፣ እናንተ ጋ ምን እንደሠራች ግን በደንብ አልገባኝም አለችን። ሄኖክ ሊነግራት ጀመረ፤ አማርኛው አልበቃ አለው፤ በእንግሊዝኛም ጀመረ፤ እሱም አልበቃውም። «ቢሮዬን አድናልኛለች» አለ በመጨረሻ። «እኔንም።»

ባለፈው ሳምንት ከኮሪደሩ ማዶ ያለው የጥርስ ሐኪም ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ በራችንን አንኳኳች። ሐበሻ ናት፣ ከኔ ትንሽ የምታንስ። ያው ኮንሰልታንት እነሱንም አስፈርሟቸው ኖሮ ከመንግሥት ምርመራ መጥቶባቸዋል። አለቃዋ፣ ቢሮው ተዘግቶ ነበር ብለሽ ፈርሚ ብሏታል። አልፈርምም ብትል ሥራዋን ታጣለች፤ ብትፈርም ምን እንደሚመጣ አታውቅም። ይህን ስትነግረኝ ወረቀቱን ይዛ ቆማ ነበር፤ ዳር ዳሩ በላቧ ርሷል።

«እፈራለሁ» አለችኝ።

«ፍሪ፣ ምንም አይደለም» አልኳት። «ገንዘቡ መጥቶላችኋል ወይስ ገና ነው?»

«ገና ነው።»

ወንበር ሳብኩላት። «እንግዲያው ተቀመጪ። ጥያቄው የሚሳብበትን መንገድ አሳይሻለሁ፤ ከዚያ አለቃሽ ጋ አብረን እንገባለን።»